ኤፍ 11 ላይ የሚነጣው ፎቶ፦ አንድ አሮጌ ማክሮ ሌንስና ብሌዱ ላይ የተገኘው ዘይት

ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ፣ ማለትም አፐርቸሩ፣ ምን ያህል እንደተከፈተ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ቀዳዳው ይጠባል። ኤፍ 2.8 ላይ ሲነሳ ፎቶው ልክ ይወጣል። ኤፍ 11 ላይ ሲነሳ ይነጣል። ያውም አንዴ በጣም፣ አንዴ በጥቂቱ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይሆን። ካሜራው ተረገመ፣ ሜሞሪ ካርዱ ተቀየረ፣ የጅማ የጠዋት ጉም ሳይቀር ተከሰሰ። ጥፋተኛው ግን ሌንሱ ውስጥ የተደበቀ፣ ለማየት እንኳ የእጅ ባትሪ የሚያስፈልገው ስስ የዘይት ሽፋን ነበር። አሮጌ ሌንስ የምትገዙ ወይም ከቤተሰብ የወረሳችሁ ካላችሁ ነገሩ እናንተም ጋ መምጣቱ አይቀርምና ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

የሌንሱ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። ግብርና ተምራለች፣ አሁን ቡና ፎቶ ታነሳለች። የማስታወቂያ ፎቶ አይደለም። ቅጠል፣ ፍሬ፣ አበባ፣ ቁስል ነው የምታነሳው። ለቡና ተመራማሪዎችና ለገበሬ ማሠልጠኛ ጽሑፎች የሚሆን የቅርብ ፎቶ ማለት ነው። በተለይ የቡና ፍሬ በሽታ ላይ ትሠራለች። ይሄ በሽታ አገራችን ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ ሳይበስል ይይዘውና ጠቆር ያለ፣ ወደ ውስጥ የሰመጠ ቁስል ያወጣበታል። 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ከዚያ በኋላ በሽታውን ይቋቋማሉ ተብለው በጅማ የምርምር ማዕከል ከተመረጡት መካከል ናቸው። ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረውም እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጡ ነው። እሷ የእነዚህንና የሌሎቹን ፍሬ ጎን ለጎን እያነሳች ታወዳድራለች።

ይሄን ሁሉ የማወራው ኤፍ 11 ለምን እንዳስፈለጋት እንዲገባችሁ ነው። ፍሬው ክብ ነው፣ ቁስሉ ጎድጓዳ ነው። ሌንሱ ጠጋ ብሎ የነገሩን ግማሽ መጠን ሴንሰሩ ላይ ሲያሳርፍ፣ ኤፍ 2.8 ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ኤፍ 11 ላይ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ለአንድ የቡና ፍሬ ቁስል ይሄ ልዩነት ማየትና አለማየት ማለት ነው። ስለዚህ "ኤፍ 2.8 ላይ ብቻ አንሺበት" የሚል ምክር ለእሷ ምክር አይደለም።

ሌንሱ የአጎቷ ነበር። ኒኮን ለቅርብ ፎቶ (ለማክሮ) የሠራው ማይክሮ ኒኮር 55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8፣ ኤአይ ኤስ የሚባለው ዓይነት፣ ፎከሱም አፐርቸሩም በእጅ የሚዞር። አጎቷ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ያረጁ ፎቶዎችንና ሰነዶችን ዳግም ለማንሳት ነበር የገዙት፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ጠርዙ ድረስ ጥርት ያለ ሌንስ ነው። ዲጂታል ሲመጣ ሥራው ቆመ፣ ሌንሱም ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጣ። እሷ በኒኮን ዲ7000 ነው የምትጠቀምበት። ዲ7000 እንዲህ ያለውን አሮጌ ሌንስ አፐርቸር ቀለበቱን አንብቦ ብርሃን ይለካለታል፤ ከሱ ያነሱት የኒኮን ቦዲዎች (ቦዲ ማለት ካሜራው ያለ ሌንሱ ነው) አብዛኞቹ ይሄን አያደርጉም።

እኔ ጋ ስትመጣ መጀመሪያ ያለችኝ "ጋሼ፣ ካሜራዬ ብርሃን መለካት አቅቶታል" ነው። እንጀራዬ ስልክ ጥገና ነው፤ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ክፍል አለችኝ፣ ካሜራና ሌንስ ሲመጣም እምቢ አልልም። ከኔ በፊት ሌላ ቦታ ወስዳው ነበር። አንዱ "ቦዲው አርጅቷል፣ ቀይሪው" አላት። ሌላው ደግሞ ሌንሱን ተቀብሎ ለተጣበቀ ብሎን የሚነፋውን ስፕሬይ ከኋላ በኩል ነፋበት። ለጥቂት ሳምንት ተሻለው። ከዚያ ከበፊቱ ባሰ። ስለዚህ ስፕሬይ በኋላ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ሆዴን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ቦዲውን ነፃ ማውጣት

ምንም ነገር ከመፍታቴ በፊት ጥፋቱ ከቦዲው ይሁን ከሌንሱ መለየት ነበረብኝ። ይሄን ምርመራ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል፣ አንዲት ብሎን መንካት አያስፈልግም።

ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጎ፣ ብርሃኑ የማይለዋወጥ ቦታ ላይ ነጭ ግድግዳ ማንሳት ነው። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አይነካም። አንዱን ኤፍ 2.8 ላይ በ1/1000 ሰከንድ፣ ሌላውን ኤፍ 11 ላይ በ1/60 ሰከንድ። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው። ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 11 አራት ስቶፕ ነው፤ ማለትም ብርሃኑ 16 ጊዜ ይቀንሳል። ከ1/1000 እስከ 1/60 ደግሞ ጊዜው በዚያው ልክ ይረዝማል። ሁለቱ ፎቶዎች እኩል መሆን አለባቸው። የሷ እኩል አልነበሩም፤ የኤፍ 11ኛው ሂስቶግራም (የፎቶውን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ) ወደ ቀኝ ሄዶ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። ሁለት ስቶፕ ያህል ያለፈ ነበር፤ ይሄ ማለት ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መጋረጃ) ሲከፈት አፐርቸሩ ገና ኤፍ 5.6 አካባቢ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ሌላ ሌንስ እዚያው ቦዲ ላይ ገጥሜ ያንኑ ደገምኩት። እኩል ወጡ። ይሄኛው ደረጃ መዘለል የለበትም፣ ምክንያቱም ቦዲው ውስጥ ያለችው የአፐርቸር ማንሻ ከተጣመመች ልክ ይሄንኑ ምልክት ታሳያለች፤ ያኔ ሌንሱን በከንቱ ፈታችሁት ማለት ነው።

ከዚያ ክፍሉን አጨልሜ በረጅም ጊዜ ሞከርኩት። ኤፍ 2.8 በ1/15፣ ኤፍ 11 በአንድ ሙሉ ሰከንድ። አሁንም ልዩነቱ አራት ስቶፕ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ፎቶዎች እኩል ሊባሉ የሚችሉ ሆኑ! እንግዲህ አፐርቸሩ መዝጋት አላቃተውም። ይዘጋል። ግን ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ሹተሩ አንድ ሰከንድ ሲጠብቀው ይደርሳል፣ 1/60 ሲሆን አይደርስም።

ከዚህ በኋላ ሌንሱን ከቦዲው ማውለቅ ብቻ ነው የቀረው። የኒኮን ሌንስ ከቦዲ ሲወርድ በራሱ ሞላ ተስቦ ወደ ተመረጠው ቁጥር ይዘጋል፤ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ማንሻ በጣት ስትገፏት ይከፈታል፣ ስትለቋት ወዲያው ጥርቅም ማለት አለበት። ቀለበቱን ኤፍ 16 ላይ አድርጌ ገፋኋት፣ ለቀቅኳት። ብሌዶቹ፣ ማለትም አፐርቸሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ስስ ብረቶች፣ ተኝቶ እንደሚነሳ ሰው ቀስ እያሉ መጡ። ልጅቷ ራሷ አየችው። "ይሄ ነው እንዴ?" አለች። ይሄ ነው። የእጅ ባትሪ አብርቼ ከጎን ሳየው ብሌዶቹ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል አንጸባራቂ ቅባት ነበር፤ ጤነኛ ብሌድ ግን ደረቅና ደብዛዛ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሚብስበት ምክንያትም ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። የጅማ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ሌሊቱን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ብሌድ ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጨምርና እሷም ደጋግማ ስታነሳ ይላላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሁሌ የሚነጡት። እሷ ደግሞ ጠዋት ነው የምትሄደው፣ ብርሃኑ ለስለስ ስለሚል። ጉሙን ብትከስ አይፈረድባትም።

ዘይቱ ከየት መጣ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብሌዱ ላይ ዘይት የሚያደርግ ፋብሪካ የለም። እንዲህ ባለ ሌንስ ብሌዶቹ ያለምንም ቅባት እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። እያንዳንዳቸው ከወረቀት የማይወፍሩ፣ ጠቆር የተደረጉ ስስ ብረቶች ናቸው፤ በዚህ ሌንስ ውስጥ ሰባት ናቸው። ሞላቸውም ደካማ ነው፣ እንዲሁ ደረቅ ነገር ለመሳብ የሚበቃ። መሀላቸው ዘይት ሲገባ ሁለት እርጥብ ብርጭቆ ሲደራረብ እንደሚያደርገው ይጣበቃሉ፣ ሞላው ደግሞ ያን ለማላቀቅ ጉልበት የለውም። ልብ በሉ፣ በኒኮን ሲስተም አፐርቸሩን የሚከፍተው የካሜራው ማንሻ ነው፣ እሱ ጠንካራ ነው። የሚዘጋው ግን የሌንሱ ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ በቪውፋይንደር (በካሜራው ማያ ቀዳዳ) ስታዩ አፐርቸሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ሰላም ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሹተሩን ስትጫኑ፣ ያውም ከሰከንድ አሥረኛ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ነው።

ዘይቱ የመጣው ከፎከሱ ነው። ፎከስ ቀለበት ስታዞሩ ውስጥ እርስ በርስ የሚሽከረከሩ ጥርሶች አሉ፣ ሄሊኮይድ ይባላሉ፣ እነሱ ላይ ግሪስ አለ። ግሪስ ማለት ደግሞ አንድ ነገር አይደለም፤ ዘይት ነው፣ ዘይቱን የሚይዘው እንደ ሳሙና ያለ ማወፈሪያ ተጨምሮበት። ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱ ይለያያሉ። ዘይቱ እየተሳበ በብረቱ ገጽ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፤ ማወፈሪያው ባለበት ይቀርና ይደርቃል። ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይፈጥናል።

እና እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገጣጠመው። ልጅቷ ፎከሱ ከብዷት ነበር። "እጄን ያመኛል፣ ግን ያረጀ ዕቃ ስለሆነ ነው ብዬ" አለችኝ። የከበደው ፎከስና የዘገየው አፐርቸር አንድ በሽታ ናቸው! ዘይቱ ከፎከሱ ወጥቶ ብሌዱ ላይ ሄደ፤ ፎከሱ ደረቀ፣ ብሌዱ ራሰ። አሮጌ ሌንስ ገበያ ላይ ስታዩ ፎከሱ ከከበደ ወዲያው አፐርቸሩን ተመልከቱ።

ይሄ ሌንስ ደግሞ ከሌሎች ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው ተብሎ በጠጋኞች ዘንድ ይታወቃል። ቅርብ ሲያነሳ ጥራቱ እንዳይወርድ መስታወቶቹ በሁለት ክፍል ተከፍለው እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ነው የሚንቀሳቀሰው። ለዚህ ሲባል ከአንድ በላይ ሄሊኮይድ አለው። ጥርሱ ሲበዛ ግሪሱም ይበዛል። ያም ሆኖ አሥርተ ዓመታት የቆየ ግሪስ ስለተለያየ ሠሪውን መውቀስ ያስቃል። የማንም ግሪስ ይለያያል።

አጎቷን በስልክ አገኘኋቸው፣ የት ነበር የተቀመጠው ብዬ። "ልጄ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ነዋ፣ ሕፃናት እንዳይደርሱበት" አሉኝ። ቤቱ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ከሥሩ ያለው አየር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጅማ ላይ ደጁ ቢቀዘቅዝም ቆርቆሮ ሥር ያለ ቁም ሳጥን አናት ሌላ አገር ነው። በዚያ ላይ እርጥበቱ አለ። ሌንሱ ሻጋታ ሳይበቅልበት መቅረቱ ራሱ ገርሞኛል።

ሻጋታ ካነሳሁ አይቀር፦ ብዙ ሰው የዘይት ጭጋግን ከሻጋታ ጋር ያምታታል። ሻጋታ ሲያበሩበት እንደ ሸረሪት ድር የሚሄዱ ክሮች አሉት። ዘይት ተንኖ መስታወት ላይ ሲያርፍ ግን እኩል የተነፋ ጉም ወይም ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። የሷ ሌንስ ከብሌዱ ፊትና ኋላ ያሉት መስታወቶች ላይ ይሄ ጉም ነበረው። ፎቶዋ ሁሉ ትንሽ የታጠበ የሚመስለው፣ ጥቁሩ ግራጫ የሚሆነው በዚህ ነው። ይሄን ደግሞ በኮምፒውተር ታስተካክለው ነበር።

ሦስት መንገድ ነበር

አንደኛው ሳይነኩ መተው ነው። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ብትገዛና በአዳፕተር ብትጠቀም አፐርቸሩ ቀድሞ በእጅ ተዘግቶ ስለሚጠብቅ ፍጥነት አያስፈልግም። ዘይቱ እያለ ፎቶው ልክ ይወጣል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ ካሜራ የመግዛት ገንዘብ ካለ። የለም።

ሁለተኛው ሌንሱን ሳይፈቱ ማሟሟቻ አፍስሶ ማጠብ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ውጤቱም በዚያው ቅጽበት ያስደስታል። እኔ አልወደውም። ማሟሟቻው ዘይቱን አያወጣውም፤ ያቀጥነውና ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። ከፊሉ መስታወት ላይ ይደርቃል፣ ከፊሉ ተመልሶ ብሌዱ መሀል ይገባል። ከዚያም አልፎ የሄሊኮይዱን ግሪስ ያጥበዋል፣ ያ የቀጠነ ግሪስ ደግሞ በተራው ወደ ብሌዱ ይፈሳል። ስፕሬዩ የሠራው ይሄንኑ ነው፣ በላዩ የራሱን ዘይት ጨምሮ። ለጥቂት ሳምንት የተሻለው አዲሱ ቀጭን ዘይት አሮጌውን ወፍራም ስላላላው ነው። ማሟሟቻው ሲተን ዘይቱ ቀረ። ለተጣበቀ ብሎን የሚነፋ ነገር ሌንስ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም፤ የሚነፋባችሁን ሰው እጁን ያዙት።

ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ ብሌዶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ማጽዳትና የፎከሱን ግሪስ መቀየር ነው። የዘይቱ ምንጭ ሳይነካ ብሌዱን ብቻ ማጽዳት ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደመወልወል ስለሆነብኝ ይሄንን መረጥን። አደጋውን ነግሬያታለሁ፤ ብሌድ ሊጣመም ይችላል፣ ሄሊኮይድ በተሳሳተ ጥርስ ከገባ ሩቅ ያለ ነገር ላይ ፎከስ አይገኝም። እሷም "ጥቅምት ላይ ፍሬው መቅላት ሳይጀምር ብቻ ይድረስልኝ፣ አረንጓዴው ካለፈ ዓመት መጠበቄ ነው" አለችና ጥላው ሄደች።

ሥራው

ዕቃ ማሟላት ከሥራው በላይ ያስቸግራል። የጃፓን ሌንስ ብሎን ለተራው ባለ መስቀል ካቻቪቴ የተሠራ አይደለም፤ አፉ ትንሽ ይለያል። የተሳሳተውን ከተጠቀማችሁ የብሎኑ አፍ ይበላል፣ ከተበላ ደግሞ ወዮላችሁ። ትክክለኛው ነበረኝ። አንዳንዱ ብሎን በቀለም ማጣበቂያ ስለተያዘ በእንጨት ጫፍ አንዲት የአሴቶን ጠብታ አስነክቶ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጠብታ ነው ያልኩት፣ አሴቶን ፕላስቲክና የተጻፈ ቁጥር ላይ ከደረሰ ያጠፋዋል።

ለማጽጃ አይሶፕሮፒል አልኮልና የሲጋራ መለኮሻ ቤንዚን ተጠቀምኩ። አልኮሉ የሞባይል ጠጋኞች ሁሉ ጋ አለ። ከማደያ የሚቀዳ ቤንዚንም ሆነ ናፍታ አይሞከርም፤ ቅባት ጥሎ ነው የሚሄደው። የትኛውም ማጽጃ ሌንስ ከመንካቱ በፊት ንጹሕ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ ይድረቅ። ክብ ምልክት ከተወ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመጀመሪያው ጠርሙስ ምልክት ትቷል፣ መለስኩት። ደግሞ እነዚህ ነገሮች ተቀጣጣይ ናቸው። መስኮት ይከፈት፣ ቡና የሚፈላ ከሆነ ከሰሉ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ጅማ ላይ ይሄን መናገር ግድ ነው፣ ቡና የማይፈላበት ሰዓት የለምና።

ከባዱ ግሪሱ ነበር። የመኪና ግሪስ በየሱቁ ሞልቷል፣ ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን አይደለም፤ ዘይቱ ቶሎ ይለያል፣ ብሌዱ ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ቀለበቱም ወይ ይላላል ወይ ይጎትታል። ለሌንስ ሄሊኮይድ ተብሎ የተሠራ ግሪስ አለ። አገር ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ አመጣልኝ። ትንሽ ብልቃጥ ናት፣ ለብዙ ሌንስ ትበቃለች።

አፈታቱን ደረጃ በደረጃ አልዘረዝርም፣ ሌንስ በሌንስ ይለያያልና። ሁለት ነገር ግን ለየትኛውም ሌንስ ይሠራል። አንድ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከመላቀቁ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ብሎኖቹም በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይቀመጡ። ሁለት፣ ሄሊኮይዱ ሲፈታ ጥርሱ ከጥርሱ የተላቀቀበት ትክክለኛ ቦታ ሁለቱም ክፍል ላይ በመርፌ ይጫር። ጥርሶቹ የሚጀምሩበት ቦታ ከአንድ በላይ ስለሆነ በስህተት ሌላው ላይ ሊገቡ ይችላሉ፤ ይገባሉ፣ ይዞራሉ፣ ደህና ይመስላሉ፣ ፎከሱ ግን የትም አይደርስም። በዚህ ሌንስ ደግሞ ጣጣው እጥፍ ነው።

ሄሊኮይዱ ሲላቀቅ ያገኘሁት ቀድሞ እንደጠበቅኩት ነው፦ ቡናማና ሰም የመሰለ፣ ደረቅ ቅሪት። ዘይት የሚባል ነገር አልቀረበትም። በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን ታጠበ፣ አልኮል ተከተለ። አዲሱ ግሪስ በጣም በስሱ ነው የተቀባው፤ ጥርሱ መርጠቡ ብቻ ይበቃል። ብዙ የቀባ ሰው ለሚቀጥለው የብሌድ ዘይት መሠረት እየጣለ ነው።

ብሌዶቹ ሲወጡ ሥራው የሰዓት ሠሪ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ፒን አለች፣ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ገጽ። ፒኗ ከተነቀለች ብሌዱ አለቀለት። በጣት መያዝ ክልክል ነው፤ ላብ የነካው ብረት በኛ እርጥበት ይዝጋል። በትዊዘር ጠርዙን ይዞ፣ አልኮል ባረጠበው ለስላሳ ጨርቅ ላይ በአንድ አቅጣጫ ማንሸራተት ነው። ማሸት የለም፣ ጥቁር ቀለሙ ይነሳል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደገማል። የተቀመጡበት ጎድጓዳ ክፍልና የሚያዞራቸው ቀለበትም እኩል መጽዳት አለባቸው፣ ብዙ ሰው እነሱን ይረሳል።

መመለሱ ነው ትዕግሥት የሚጨርሰው። ሰባቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ የመጨረሻው ደግሞ ከመጀመሪያው ሥር መግባት አለበት። ስድስቱን አስገብታችሁ ሰባተኛውን ስታንሸራትቱ ሁሉም ይነሳል። እንደገና። መብራት በመጥፋቱ መስኮት ሥር ነበር የምሠራው፣ በዚያ ላይ ነፋስ አለ። አንድ ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ "አንተ ሰውዬ፣ አዲስ መግዛት አይቀልም?" አለኝ። አልመለስኩለትም፣ ትንፋሼም ቢሆን ብሌዱን ያንቀሳቅሰው ነበር።

ሲገጠም ምንም ቅባት አልተደረገም። "ትንሽ ዘይት ብታደርግበት ይፈጥናል" የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ የመጣንበት በሽታ እኮ እሱ ነው። መስታወቶቹ ላይ የነበረው ጉም በአልኮል ተነሳ። አንደኛው ላይ ጠርዙ ጋ ስስ ጥላ ቀርቷል፣ ዘይቱ ብዙ ቆይቶ የመስታወቱን ሽፋን የነካ ይመስለኛል። ፎቶ ላይ አይታይም፣ ግን ነገርኳት፤ ነገ ብትሸጠው ገዢው ማወቅ አለበት።

ውጤት

ማንሻዋን ገፋ አድርጎ መልቀቅ፣ ጥርቅም። ኤፍ 32 ላይም፣ ኤፍ 5.6 ላይም። ሌንሱን አሳድሬ ጠዋት በብርዱ ሞከርኩት፣ ያው ነው። የግድግዳው ምርመራ ተደገመ፦ ኤፍ 2.8 በ1/1000 እና ኤፍ 11 በ1/60 ሂስቶግራማቸው ተደራረበ። በተከታታይ ሲነሳም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ልዩነት የለም። ፎከሱ በሁለት ጣት ይዞራል።

እሷ ግን ከሁሉም በላይ የተገረመችው በጥቁሩ ነው። ጉሙ ሲነሳ የቁስሉ መሀል ጥቁር ሆነ፣ ጠርዙ ላይ ያለው የቀለም ለውጥ ታየ። ለካ በኮምፒውተር ስታስተካክል የነበረው የዘይት ጭጋግ ነው። የድሮዎቹን ፎቶዎች ከአዲሶቹ ጋር ለማወዳደር እንደማትጠቀም ወሰነች፤ ከባድ ውሳኔ ነው፣ ግን ትክክል ይመስለኛል። ቁስሉ የገረጣው በዝርያው ይሁን በሌንሱ መለየት አይቻልማ።

አሁን ሌንሱ የሚቀመጠው ከቆርቆሮው ርቆ፣ ታች መሳቢያ ውስጥ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር ነው። ሲሊካ ጄሉ ለሻጋታው እንጂ ለዘይቱ አይደለም፤ ለዘይቱ ቅዝቃዜ ነው መድኃኒቱ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተውም። ሳትጠቀምበት ከቆየች አልፎ አልፎ ማንሻዋን ገፋ ለቀቅ አድርጋ ታየዋለች።

አጎቷ ይሄን ሲሰሙ ሌላ ሌንስ በሰው ላኩልኝ። የሩሲያ ሄሊዮስ 44-2፣ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2፣ ከዜኒት ካሜራ ጋር ይመጣ የነበረው። "ይሄም ዘይት አለበት፣ እንደዚያኛው አድርገው" የሚል መልእክት አብሮ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩ፣ አበራሁበት። እውነታቸውን ነው፣ ስምንቱም ብሌድ በዘይት ያብረቀርቃል። ግን ይሄ ሌንስ ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው ማንሻ የለውም፤ አፐርቸሩን የሚዘጋው የአንሺው እጅ ነው፣ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት። የሚዘገይ ሞላ የለም። የሌሎቹ የሶቪየት ሌንሶች፣ የጁፒተር 8ና የኢንዱስታር 61፣ ጉዳይም እንደዚሁ ነው፣ ዘይት የሌለበት ማግኘት ነው የሚገርመው። መስታወቶቹን ደግሜ አየሁ፣ ጉም የለባቸውም። ቀለበቱም ለስላሳ ነው። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ይሄኛው አይፈታም።"

"ዘይቱስ?"

"ይቀመጥ። መስታወቱ መጨለም ከጀመረ ያኔ ይላኩልኝ። እስከዚያ ከቁም ሳጥኑ አናት ያውርዱት።"

ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ ሌንሱን በመጣበት ሰው መለስኩት።